ከሪባን ቆረጣው በኋላ ያለውንም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የዩኒቨርሲቲ ፋውንዴሽኖች (ለዩኒቨርሲቲ ስጦታ የሚሰበስቡና የሚያስተዳድሩ ተቋማት) ለደጋፊዎቻቸው የሚልኩትን ዜናና ዕቅድ ከልቤ ነው የምከታተለው። በየወሩ የአቅማቸውን ከሚያዋጡ የቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። እኔ ራሴ የተማርኩትም በሰው ገንዘብ ነው። ማን እንደከፈለልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ በደንብ ያገባኛል።

ዜናው ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። አንብቤ ስጨርስ ግን ሁሌም አንድ ጥያቄ ይቀርብኛል። ቼኩ ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያስ?

በቅርቡ የደረሰኝን ልንገራችሁ። ሽፋኑ ላይ የግንባታ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ለአዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ገለጥ ሲደረግ የእራት ግብዣው ፎቶዎች አሉ። «የወደፊት ዕቅዳችን» በሚለው ገጽ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ምስል ይታያል። ከሥሩ ሊሰበሰብ የታሰበው ገንዘብ በትልልቅ ቁጥር ተጽፏል። ስኮላርሺፑ ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ የአንዲት ተማሪ ፎቶና ሁለት መስመር ምስጋና። ስንት ተማሪ ተረዳ? ስንቱ ተመረቀ? ስንቱ መሃል ላይ አቋረጠ? አንድም ቃል የለም። ባለፈው ዕቅድ ውስጥ የነበረው የቤተ መጻሕፍት እድሳትም የት እንደደረሰ አልተነሳም። ተጠናቆ ይሆናል፤ ቀርቶም ይሆናል። እኛ ያዋጣነው ግን ማወቅ ነበረብን።

ይህን የምጽፈው ፋውንዴሽኖችን ለመውቀስ አይደለም። ሥራቸውን ስለምወደው ነው። እንዲህ ዓይነት ተቋም እንደ ቀልድ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ከተቋቋሙት ፋውንዴሽኖች የመጀመሪያው የሚባለው በ1891 በካንሳስ ነው የተመሠረተው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው)። ሰው ለትምህርት ብሎ የሰጠው ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ጋር ሳይደባለቅ፣ ለብቻው ተይዞ፣ ለታሰበለት ነገር እንዲውል ነበር ሐሳቡ። አደራ መጠበቅ ማለት ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ምን ላይ እንዳዋለው ይናገራል።

በመጀመሪያ «ተሰበሰበ» የሚለው ነገር ይጥራልን። አንድ ፋውንዴሽን ይህን ያህል ሚሊዮን ሰበሰብኩ ሲል፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ቁጥር ውስጥ ሦስት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ ባንክ የገባ ነው። ሌላው ወደፊት በየዓመቱ እከፍላለሁ ተብሎ ቃል የተገባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለጋሹ ሲሞት በኑዛዜ የሚተላለፍ ነው። ሦስቱም ቁም ነገር ናቸው፤ ሦስቱንም መቁጠር ነውር የለውም። ደምሮ አንድ ቁጥር አድርጎ ማቅረብ ግን አንባቢን ያሳስታል። ዘንድሮ ተማሪ የሚመዘገብበት ባንክ ባለው ገንዘብ ነው። ለይቶ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁለተኛው የሕንፃው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሕንፃ ያምራል። ስም ይጻፍበታል። ለጋሽ ይወደዋል። ነገር ግን ሕንፃ ከተመረቀ ማግስት ጀምሮ ገንዘብ ይበላል። ጣሪያው፣ ቧንቧው፣ ሊፍቱ፣ መብራቱ፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ሪፖርት፣ ለሕዝብ ሕንፃዎች ጥገናና እድሳት ብቻ በየዓመቱ ሕንፃዎቹን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚፈጀው ወጪ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲመደብ መክሯል። መብራትና ጽዳት ከዚህ ውጭ ነው። እስቲ እናስላው። 100 ሚሊዮን የሚያወጣ ሕንፃ በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ለጥገና ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በየዓመቱ ከቋሚ ፈንድ (ዋናው ሳይነካ ከሚያፈራው ብቻ ከሚወጣበት ገንዘብ) ይምጣ ቢባል፣ ፈንዱ በዓመት 4 በመቶ የሚያወጣ ከሆነ፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን መቀመጥ አለበት። ሕንፃው ራሱ ከፈጀው ከግማሹ እስከ ሙሉው የሚደርስ ሌላ ገንዘብ ማለት ነው!

እንግዲህ የዕቅዱ ገጽ ላይ ይህ ይጻፍ ነው የምለው። «ሕንፃው ይህን ያህል ይፈጃል፤ ለማስተዳደር በዓመት ይህን ያህል ያስፈልጋል፤ እሱን ከዚህ እናገኛለን» ይበሉን። መልሱ «ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት» ከሆነም እንወቀው። ያ ማለት ለላብራቶሪ ዕቃ ወይም ለመምህር ቅጥር ሊውል የሚችል ገንዘብ ወደ ቧንቧ ጥገና ይሄዳል ማለት ነው። አውቀን እንስጥ፣ ካልሆነም አውቀን እንተው።

ቋሚ ፈንድ ያልኩት ብዙ ሰው የሚደናገርበት ስለሆነ ላብራራው። ገንዘቡ አይነካም፤ ኢንቨስት ይደረጋል። ከሚያፈራው በየዓመቱ የተወሰነው ብቻ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ፈንድ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው። የተረፈው ተመልሶ ይገባል፤ የኑሮ ውድነቱ ፈንዱን እንዳይበላው። ስለዚህ «የ1 ሚሊዮን የስኮላርሺፕ ፈንድ ተቋቋመ» የሚል ዜና ስታነቡ በዓመት ለተማሪ የሚደርሰው 40 ወይም 50 ሺህ ነው። ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ግን ዘንድሮም፣ ከ10 ዓመት በኋላም፣ ከ50 ዓመት በኋላም ይወጣል። ዋናው ነገሩ ይሄ ነው። ሰው ይህ ካልተነገረው «ሚሊዮኑ የት ገባ?» ብሎ ይጠረጥራል፤ ቢጠረጥርም አይፈረድበትም።

ገበያ ሲወድቅም በግልጽ ይነገረን። የሃርቫርድ ፈንድ በዓለም ካሉት የዩኒቨርሲቲ ፈንዶች ትልቁ ነው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ከ36 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በአንድ ዓመት ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ። የተጀመረ ትልቅ የሳይንስ ሕንፃ ግንባታም በ2009 እንዲቆም ተደረገ። ይህ ሁሉ በይፋ ተነግሯል፤ ጋዜጦችም ጽፈውታል። ዩኒቨርሲቲው ለጋሽ አጥቶ አልተዘጋም። መጥፎ ዜና በጊዜው ሲነገር ደጋፊ ይታገሳል። የሚያስኮርፈው ተደብቆ ቆይቶ ሲሰማ ነው።

ስለ አደራ ሳስብ ሁሌ የሚመጡብኝ ሴት አሉ። ኦሲዮላ ማካርቲ ይባላሉ። በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሃቲስበርግ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ የኖሩ ናቸው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም፤ የታመሙ አክስታቸውን ለማስታመም ብለው ነው ያቋረጡት። ሳንቲም በሳንቲም ባንክ ሲያስቀምጡ ኖሩ። ሲያረጁ የባንኩ ሰው ገንዘባቸውን ለማን መተው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። በመቶኛ ከማስረዳት ይልቅ አሥር ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው። እያንዳንዷ ሳንቲም የገንዘባቸው አንድ አሥረኛ እንደሆነች ነገራቸው። እሳቸውም አንዷን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለዘመዶቻቸው ለዩ። የቀሩትን ስድስቱን ለደቡብ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ለችግረኛ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ። 150 ሺህ ዶላር ሆነ።

ይህ በ1995 ሲሰማ አገር ጉድ አለ። ገንዘቡ የሚተላለፈው ከሞታቸው በኋላ ቢሆንም፣ ሌሎች ሰዎች ገንዘብ ጨምረው ስኮላርሺፑ በዚያው ዓመት ተጀመረ። ማካርቲ የመጀመሪያዋን ተማሪ በአካል አገኟት፤ ተወዳጁም። በ1999 ከማረፋቸው በፊት ገንዘባቸው ምን እንደሠራ በዓይናቸው አይተዋል። ታሪኩን ተወዳጅ ያደረገው የገንዘቡ ብዛት አይመስለኝም። ከማን እጅ ወጥቶ ማን ጋ እንደደረሰ ሁሉም ሰው ማየት መቻሉ ነው። ለአንድ ልብስ አጣቢ እናት እንዲህ ማሳየት ከተቻለ፣ ለሌሎቻችን የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በተቃራኒው ደግሞ አደራው ሲያጨቃጭቅ ምን እንደሚመጣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ያሳያል። በ1961 የሮበርትሰን ቤተሰብ 35 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ዓላማው ለመንግሥት ሥራ፣ በተለይም ለውጭ ግንኙነት፣ የሚሰማሩ ምሩቃንን ማፍራት ነበር። ልጆቻቸው በ2002 ገንዘቡ ለታሰበለት ዓላማ አልዋለም ብለው ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለውም። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2008 በስምምነት አለቀ። ፈንዱ ዩኒቨርሲቲው ጋ ቀረ፤ ለቤተሰቡ የጠበቃ ወጪና ለአዲስ ፋውንዴሽን ግን ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ዓመት ሳስብ ግን ያንገበግበኛል። ስንት ተማሪ ይማርበት ነበር!

እኛ ደጋፊዎችም ነፃ አይደለንም። ስማችን የሚጻፍበት ነገር እንወዳለን። ለሕንፃ ስጡ ሲባል ይዋጣል፤ ለፅሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ስጡ ሲባል ሁሉም ዝም። ነገር ግን ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። «ገንዘቤ ለዚህ ብቻ ይዋል» የምንለውም እየበዛ ነው። አንዱ ለአንድ ትምህርት ክፍል ብቻ፣ ሌላው ለአንድ ዓይነት ተማሪ ብቻ ይላል። በመጨረሻ ፋውንዴሽኑ ገንዘብ እያለው ለአስቸኳይ ችግር የሚያወጣው ያጣል። ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ባለሀብት ቸክ ፊኒ ከዚህ የተለየ ሰው ነበር። ለዓመታት ማንነቱን ደብቆ ለዩኒቨርሲቲዎች ሰጠ፤ ያሠራቸው ሕንፃዎች ላይ ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። በ2020 የተዘጋው የበጎ አድራጎት ድርጅቱ በአጠቃላይ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ለግሷል። ሁላችንም ፊኒ እንሁን አይባልም። ቢያንስ ከምንሰጠው የተወሰነውን «እናንተ በሚያስፈልገው ላይ አውሉት» ብለን ብንለቀው ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማዋጣውን በሙሉ እንደዚያ ነው የምሰጠው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ክቡር አዘጋጅ። ፋውንዴሽኖች የሚልኩላችሁን መግለጫ ብዙ ጊዜ እንዳለ ነው የምታትሙት። የዝግጅት ክፍል ሥራ ፋታ እንደማይሰጥ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ብታደርጉ ለአንባቢም ለፋውንዴሽኖቹም ትልቅ ውለታ ነው። የስጦታ ወይም የመሠረት ድንጋይ ዜና ስታወጡ ቀኑን ያዙ። ዓመት ሲሞላው ደውሉ። ከተባለው ገንዘብ ስንቱ ገባ? ስንት ተማሪ ተመዘገበበት? ግንባታው የት ደረሰ? በዕቅድ ተይዞ የቀረ ነገር ካለ ለምን ቀረ? ይህን ጠይቃችሁ መልሱን የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ገጽ ላይ አውጡት።

ፋውንዴሽኖቹም ይህን እንደ ክስ ባያዩት ደስ ይለኛል። በ1993 በአሜሪካ በገንዘብ አሰባሰብ ሙያ የተሰማሩ ማኅበራት ያወጡት የለጋሾች መብት ሰነድ አለ። ለጋሽ የድርጅቱን የቅርብ ጊዜ የሒሳብ መግለጫ የማየት፣ ስጦታውም ለተሰጠበት ዓላማ ስለመዋሉ ማረጋገጫ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን የጻፉት ራሳቸው ገንዘብ አሰባሳቢዎቹ ናቸው። ኦዲት የሚያስደርጉ ፋውንዴሽኖች ደግሞ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው። ከእራት ግብዣው ፎቶዎች ሁለቱን ቀንሰው ቦታውን ለዚያ ቢሰጡት፣ የምናዋጣ ሰዎች ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ ተማሪና ወርኃዊ ደጋፊ