የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጠብታ ውኃ ከጣና

ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ከሰዓት እየተሰበሰበ ሲሠራ ከርሟል፤ ምዝገባው፣ የኮሚቴ ምርጫውና የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ተከናውነዋል። «ዓመቱን ሙሉ በዓይን ለማይታይ ነገር ማዋል ምን ይረባል?» ለሚሉ ባልደረቦቼ መልሴ በሚያዝያ ወር ያየነው ነው።

ቅዳሜ ማለዳ 18 አባላት ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ብልሃርዝያ ስለሚያሰጋ ማንም እግሩን ሳያስነክር፣ በገመድ ባሰርነው ጠርሙስ ከደንገሉ ሥር ውኃ ቀዳን። ትምህርት ቤት ተመልሰን ጠብታዋን በጥቂት ባዘቶ ላይ ስናኖራት ፓራሚሲየም የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር በክሮቹ መሐል ተይዞ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ 400 እጥፍ አጉልተን ብርሃኑን ስናደበዝዝ ደግሞ ጠርዙ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ሲርገበገብ ታየ። ሲሊያ የሚባሉት ጸጉር መሰል ዘርፎች እነዚህ ናቸው፤ በእኛም የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አቧራ የያዘውን አክታ ወደ ላይ የሚጠርጉት እነሱው ናቸው።

በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል «ቲቸር፣ ለሲሊያው ጫፉ ድረስ የሚያስፈልገውን ማን ያደርስለታል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልቤን ነካው። በሲሊያ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ ራይቦዞም ስለሌለ መገንቢያው ሁሉ ከሕዋሱ መጓጓዝ አለበት፤ ተመራማሪዎች ይህን ምልልስ ክላሚዶሞናስ በሚባለው አልጌ ላይ አይተው ያሳወቁትም በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ኪኔሲን የተባለው ፕሮቲን ጭነቱን ወደ ጫፍ ይወስዳል፣ ዳይኒን ወደ ሥር ይመልሳል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ በሚመጣው ታንኳ ባስረዳት «እንግዲያው ቀዛፊው ሁለት ነው፤ መሄጃው ሌላ፣ መመለሻው ሌላ» ብላ ምሳሌዬን አቃናችልኝ።

ከዚያ ወዲህ አባላቱ የሲሊያን ውስጥ የሚያሳዩ ሁለት ሞዴሎች በደንገል አገዳ ሠሩ። በአንደኛው 9 ጥንድ አገዳ ዙሪያውን፣ 2 አገዳ መሐሉ ላይ ቆመዋል፤ የሁለተኛው መሐል ባዶ ነው። ይህኛው የማይርገበገበውና እንደ አንቴና የሚያገለግለው ሲሊየም (የሲሊያ ነጠላ) ነው፤ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ከውጭ የሚደርሰውን ምልክት ተቀብሎ ለሕዋሱ ያቀብላል፣ ሥራው ሲታወክም ኩላሊትን ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ከሚሞላው የዘር በሽታ ጋር ይያያዛል። በወላጆች ቀን ይህን ያስረዱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ጉዞ በትራንስፖርት ገንዘብ እጦት ቀርቷል። ለ18 ልጆች ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ብርሃን የሚያገኘው በመስታወት ከሰማይ በመሆኑ ሰማዩ በደመነ ቁጥር ተሰልፈን ፀሐይ እንጠብቃለን። የስፖርት ክበቡ ማልያ በየዓመቱ ሲታደስ ደስ ይለናል፤ የእኛ ጥያቄ አንድ ተጨማሪ ማይክሮስኮፕና አንድ ፓኬት የስላይድ መሸፈኛ ብቻ ነው።

ያቺ ተማሪ ለከርሞ የክበቡ ጸሐፊ ሆና ተመርጣለች፤ ለወላጅ ኮሚቴው የማይክሮስኮፑን ጥያቄ የያዘውን ደብዳቤም የጻፈችው እሷ ናት።