የሉዋንግ ፕራባንግ ጠዋትና የኛ ቆሎ ተማሪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ፣ በቅርብ ለስራ ታይላንድ ሄጄ በዛው ወደ ላኦስ ተሻግሬ ሉዋንግ ፕራባንግ ሚባል ከተማ አንድ ቀን ውዬ ነበር እና ያየሁት ነገር ከሆዴ አልወጣ ቢለኝ ነው ምጽፍላችሁ።

ከተማው ሜኮንግና ናም ካን ወንዝ ሚገናኙበት ላይ ያለ የድሮ የነገስታት መቀመጫ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1995 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። የቡድሃ መነኮሳት ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው በባዶ እግራቸው ተሰልፈው መጡ፣ ትልልቆቹ ከፊት ህፃናቱ ከኋላ። እናቶች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ከቀርከሃ ከተሰራ እቃ (የኛን አገልግል አስቡት) ሚያጣብቅ ሩዝ በጣታቸው እየቆረሱ ላንዱም ሳይቀር ይሰጣሉ፣ ድምፅ ሚባል የለም። መንገድ ዳር ደሞ የድሃ ልጆች ቅርጫት ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ አንድ አስር አመት ሚሆነው ትንሽ መነኩሴ ገና አሁን ከተሰጠው ላይ ቆርሶ ቅርጫታቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው። እንባዬ መጣ።

ለምን በሉኝ፣ የኛዎቹ ትዝ ብለውኝ ነዋ። እዛም እኮ ብዙዎቹ ልጆች ቤተሰብ ማስተማር ስላቃተው ለትምህርት ብለው ከገጠር የመጡ ናቸው፣ ልክ ዋሸራና ዲማ ቅኔ ሊማር ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቦ እንደሚወጣው ልጅ። የኛው ልጅ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ሲመጣ ግን በኛ ሰፈር በዚ ክረምት በአይኔ ያየሁት ውሻ ተለቆበት እግሩን ተነክሶ ነው የሄደው፣ ቤቱ እንጀራ ጠፍቶ አደለም።

ከሰዓት ዋት ሲየንግ ቶንግ ገባሁ፣ እ.ኤ.አ በ1560 አካባቢ ንጉስ ሴታቲራት ያሰራው ነው፣ ጫማ አውልቀህ ነው ምትገባው እንደኛው ቤተክርስቲያን። ጣራው ተደራርቦ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ የጀርባው ግድግዳ ላይ በባለቀለም መስታወት ስብርባሪ የተሰራ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ፀሃይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ማታ ያረፍኩበት ቤት እናትዮ ባሲ ሚሉትን ስርዓት አደረጉልኝና እጄ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ፣ ሰው 32 ነፍስ አለው ብለው ስለሚያምኑ እንዳይበታተኑ መሰብሰቢያው ነው፣ ቢያንስ 3 ቀን አይፈታም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው፣ ግን የእናት ምርቃት ነው ብዬ በደስታ ተቀበልኩ።

አሁን ምለምናችሁ ስለ አብነት ተማሪዎቹ ቦታ ሰጥታችሁ እንድትጽፉ ነው፣ ደብረ ኤልያስም ዲማም ሄዳችሁ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ የት እንደሚያድሩ ራሳቸውን ጠይቋቸው። የሰፈሬ ሰዎችም ይሄን ካነበባችሁ ጠዋት ጠዋት ውሻችሁን እሰሩልን፣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ውሻዬን አስሬ ነው በር ምከፍተው፣ ያ እግሩን የተነከሰው ልጅ ግን እስካሁን በኛ በኩል አልመጣም።

ከደብረ ማርቆስ