መኪናዋን ገና አይሽጧት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ደሴ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላዎታለች።

የጻፍኩልዎ ስለ መኪናችን፣ ስለ ፔጆ 404ዋ ነው። እቴቴ በስልክ «አባዬ ለቁራጭ ብረት ገዢ ሊሰጧት ነው» ስትለኝ ክው አልኩ። እባክዎ ይታገሱኝ። ሞተሯ አልሞተም። የሞተው ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን ነበር፤ እሱንም ቀይሬዋለሁ።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ጎማ ከመቀየር ሌላ የማውቀው ነገር እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ። ሸዋ በር አካባቢ ያለ አንድ የድሮ መካኒክ አጠገቤ ቆሞ እያሳየኝ፣ በእጄ ሠራሁት።

የዘይት መሙያዋን ክዳን ስከፍት ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ብቻ የተቃጠለ መስሎን ነበር። ቴስታታውን ስናወርደው ግን በሁለት ቫልቮላዎች መቀመጫ መሃል ስስ ስንጥቅ አለ። ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ጣቴን ሳሳልፍበት ግን ጥፍሬን ያዝ ያደርጋል።

ጥፋቱ የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ መንተክተኩ አይቀርም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ከሥሩ ያለው ብሎክ ብረት። አሉሚኒየም ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ከታች የያዘው ብረት እኩል ካልሄደለት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሰኞ ሰኞ ሦስቱን ረድፍ ወንበር ሞልተው ከባቲ ገበያ ሲመለሱ ሐረጎ ላይ ለምን ያሳርፏት እንደነበር አሁን ገባኝ። እኛ ልጆቹ የደከመዎት እርስዎ ይመስለን ነበር።

በጣም ያስጨነቀኝ ካሚቻው፣ ፒስተኒው የሚመላለስበት ቱቦ ነው። የ404 ካሚቻዎች ዙሪያቸውን ውሃ ይከባቸዋል፤ ከላይ ተጭኖ የሚይዛቸው ቴስታታው ነው። እሱ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ከዞረ ፒስተኒው ካሚቻውን ይዞት ይነሳል። የሥሩ ማሸጊያ ይለቃል፤ ውሃው ቁልቁል ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በቡሎንና በሮንዴላ ከላይ ጠፍረን ያዝናቸው። የሰፈር ልጆች እንዳይገፏትም ማርሿን ዜሮ አድርጌ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወተፍኩ።

ተተኪውን ከተጋጨች 404 ላይ አገኘነው። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ፊቱን በስሱ አስተካከሉልኝ። ብዙ ከተነሳለት የቃጠሎው ክፍል ይጠብና ሞተሩ ያንኳኳል። የቫልቮላ መግፊያ ዘንጎቹን የፓስታ ካርቶን በስቼ በየተራቸው ሰካኋቸው፤ እያንዳንዱ ወደለመደው ቦታ እንዲመለስ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ በደረጃ አጠበቅን። የቫልቮላዎቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የማስገቢያውን 0.10፣ የማስወጫውን 0.25 ሚሊሜትር አደረግነው።

አባዬ፣ ተነሳች! መጀመሪያ ነጭ ጭስ አወጣች፤ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ የቀረ ውሃ ነበር። ከዚያ ጠራች። ውሃዋ አልጎደለም፤ ዘይቷም ንጹሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ያሸነፈችው ይቺው 404 ናት። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ የተሠራች መኪና በኪሎ ተመዝና ስትሸጥ ማየት አልችልም። ገንዘቡ ለሕክምናዎ እንደታሰበ አውቃለሁ። የሕክምናውን እኔና እቴቴ ተነጋግረን ይዘነዋል፤ ሐሳብ አይግባዎት።

አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። የዚህች መኪና ፋን ሙቀት ሲመጣ ብቻ በማግኔት ተይዞ የሚዞር ነው። የእኛው ግን ሁልጊዜ እንዲዞር በቡሎን ታስሯል። ያሰሩት እርስዎ ነዎት? ለሐረጎ ብለው ከሆነ አልነካውም። ማግኔቱ ተበላሽቶ ከሆነ ግን ላሠራው እፈልጋለሁ። ቡሎኖቹን ደግሜ ሳላጠብቅ ዳገት አላወጣትም፤ ስለዚህ ጊዜ አለን። በእቴቴ ስልክ ይደውሉልኝ።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ
ደሴ