በግጭት ጊዜ ሕፃን በእቅፍ አይያዝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የትራፊክ አደጋ ዘገባዎቻችሁን በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ዘገባዎቹ አደጋው የደረሰበትን ቦታና ሰዓት፣ የሞቱትንና የቆሰሉትን ሰዎች ቁጥር፣ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ከሚለው የተለመደ ምክንያት ጋር ይገልጻሉ። በዚያች ቅጽበት በተሽከርካሪዎቹና በውስጣቸው በነበሩት ሰዎች ላይ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ለሃያ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን አለማወቃችን ሕይወት እያስከፈለን ነው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

በቅርቡ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ በሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አንዲት እናት ዓመት ያልሞላው ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ካለፈ በኋላ ይለቀዋል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ስለ ልጁ ሲሰጉ እናቲቱ «ግድ የለም እማማ፣ አጥብቄ ይዤዋለሁ» አለቻቸው። ትንሽ እንደሄድን አህዮች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ልጁ ከክንዷ ባይወጣም እርሷ ራሷ ወደፊት ስለተወረወረች ግንባሩ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨና አበጠ። ይህ እንግዲህ ግጭት አይደለም፣ ፍሬን ብቻ ነው።

ግጭት ቢሆን ኖሮ ስሌቱ የሚከተለው ነው። የአንድ አካል ሞመንተም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ሲጓዝ ሞመንተሙ 140 ይሆናል። መኪናው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ልጁን አብሮ ለማቆም፣ ሞመንተሙ ለመቆሚያው ጊዜ ሲካፈል፣ 1,400 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም 140 ኪሎ ግራም በድንገት በክንድ ላይ እንደመውደቅ ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጤፍ ሳይዘጋጅ በክንዱ የሚቀበል ሰው የለም፤ የእናት ፍቅርም ቢሆን ይህን ቁጥር አይለውጠውም። እናቲቱ ራሷ ካልታሰረች ደግሞ 60 ኪሎ ግራሟን ይዛ ወደፊት ስትወረወር ልጇ በእርሷና በዳሽቦርዱ መካከል ይገባል። ልጁን በራሷ ቀበቶ ውስጥ አብሮ ማሰርም መፍትሔ አይሆንም፣ የእርሷ ክብደት በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋልና።

ሌላው ሊታረም የሚገባው ግንዛቤ «ትልቁ መኪና ትንሹን በበለጠ ኃይል መታው» የሚለው ነው። ፈተናውን በሙሉ ነጥብ ያለፉ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ወጥተው ይህንኑ ሲሉ እሰማለሁ። የፊዚክስ ሊቁ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 እንዳስቀመጠው፣ የሚጋጩ ሁለት አካላት አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፉት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ነው። ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙና ከነተሳፋሪዎቹ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ እያንዳንዳቸው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዱ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ ሁለቱም በአይሱዙው አቅጣጫ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። አይሱዙው ከፍጥነቱ 29 ኪሎ ሜትር ሲያጣ፣ ሚኒባሱ ግን ወደፊት ይሄድበት የነበረውን 60 አጥቶ በ31 ወደኋላ ይገፋል፤ ለውጡ በድምሩ 91 ነው። ኃይሉ እኩል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው። አይሱዙው ከልክ በላይ በተጫነ ቁጥርም የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ዕጣ ይከፋል፤ ስለዚህ የጭነቱ መጠን በዘገባ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ስለ ፍጥነትም ቢሆን ከ50 ወደ 70 ከፍ ሲባል ሞመንተሙ በ40 በመቶ ሲጨምር፣ ብረት የሚያጣምመውና አጥንት የሚሰብረው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ቢገለጽ መልካም ነበር።

በክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ጋቢ ዘርግተው እንዲይዙ አደርግና ሌላው እንቁላል በሙሉ ጉልበቱ እንዲወረውርበት አደርጋለሁ። እንቁላሉ አይሰበርም። ያንኑ እንቁላል ግድግዳ ላይ ቢወረውረው ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። በሁለቱም ጊዜ የጠፋው ሞመንተም አንድ ነው፣ ልዩነቱ ጋቢው የመቆሚያውን ጊዜ ማስረዘሙ ነው። የመኪና ቀበቶም ሥራው ይኸው ነው። ኒልስ ቦሊን የተባለው የመኪና አምራቹ የቮልቮ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ዛሬ የምንጠቀምበትን በሦስት ነጥብ የሚታሰር ቀበቶ ሲሠራ፣ ኃይሉን ወደ ደረትና ወደ ዳሌ አጥንት አከፋፍሎ ሰውነት ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲቆም አደረገ። ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

በዚሁ ምክንያት «የድሮ መኪና ብረት ነው፣ የአሁኑ ቆርቆሮ ነው» የሚለውን አባባል በአክብሮት እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የ1959 ሞዴል ሸቭሮሌት ቤል ኤርና የ2009 ሞዴል ሸቭሮሌት ማሊቡ ሆን ተብሎ ፊት ለፊት እንዲጋጩ ተደርጎ ነበር። የአሮጌው የሾፌር ክፍል ሲጨማደድ የአዲሱ ሳይፈርስ ቀረ። የአዲሱ ፊት የሚጨማደደው እንዲጨማደድ ተብሎ ስለተሠራ ነው፤ የሞተሩ ኮፈን ሲታጠፍ ለሰውየው ጊዜ ይገዛለታል።

ስለሆነም ዘጋቢዎቻችሁ ስለ አደጋ ሲጽፉ ተጎጂዎቹ ቀበቶ ማሰራቸውን፣ ሕፃናቱ የት እንደተቀመጡና ተሽከርካሪው ምን ያህል እንደተጫነ ፖሊስን ጠይቀው እንዲያካትቱ እጠይቃለሁ። ቁጥሮቹ ከተገኙ ስሌቱን ከተማሪዎቼ ጋር ሠርቼ ያለ ምንም ክፍያ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ