ለአናጺው አባቴ፣ ስለ ፑሪ ሰረገሎች

ውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልዎታለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የጉልበትዎ ሕመምስ ቀለል አለልዎ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ፣ በፑሪ በዓል የአማልክት ምስሎች ስለሚጓዙባቸው ሰረገሎች ሲጠይቁኝ መስመሩ ስለተቋረጠ በጽሑፍ ላስረዳዎት ወደድሁ። ከምማርባት ከሕንዷ ከተማ ከቡባኔሽዋር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኘው ፑሪ የሂንዱዎች አምላክ የጃጋናት ቤተ መቅደስ መቀመጫ ናት። ቤተ መቅደሱን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመረው የምሥራቅ ጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ ሲሆን፣ የድንጋይ ግንቡ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድለት እኔም ያየሁት ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው።

እርስዎን የሚያስደንቅዎት ግን የእንጨቱ ሥራ ነው። ሕንፃው ድንጋይ ቢሆንም የጃጋናት፣ የወንድሙ የባላባድራና የእኅታቸው የሱባድራ ምስሎች ከኒም እንጨት የተቀረጹ ናቸው፤ በየ12 ወይም በየ19 ዓመቱ ገደማም በአዲስ ይተካሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ተደርጓል። እንደ አገሩ ትውፊት፣ ንጉሥ ኢንድራዲዩምና ያስጠራው ሽማግሌ አናጺ ሥራዬን ሳልጨርስ ማንም በሩን እንዳይከፍት ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ነገር ግን የመሣሪያው ድምፅ ሲጠፋ ንግሥት ጉንዲቻ ሰውዬው ሞቶ ይሆናል ብላ ስለሰጋች በሩ ተከፈተ፤ አናጺው ተሰወረ፤ ምስሎቹም እጅና እግራቸው ሳያልቅ ቀሩ። ሥራ ላይ ሳሉ ሰው ሲያቋርጥዎት እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ ታሪኩን ስሰማ ለአናጺው ከልቤ አዘንኩለት።

ሦስቱ ሰረገሎች በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ሥራው በሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ በአንድ የተቀደሰ ቀን ይጀመርና፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ አናጺዎች ሁለት ወር ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይፈጽሙታል። የጃጋናት ሰረገላ 16፣ የባላባድራው 14፣ የሱባድራው 12 መንኮራኩሮች አሏቸው፤ ትልቁ ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጥበቡ ሳይጠፋ ለዘመናት የቆየው ሰረገሎቹ ስለማይቀመጡ ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ተሠርተው ቢቆዩ ኖሮ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ መንኮራኩር ማበጀትን የሚማርበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

በዓሉ ክረምቱ ሲገባ ይውላል። ሰረገሎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት፣ ጋጃፓቲ የሚባለው፣ ዛሬ በማዕረግ ብቻ የቀረው የፑሪ ንጉሥ በየሰረገላው ላይ ወጥቶ ወለሉን የወርቅ እጀታ ባለው መጥረጊያ ይጠርጋል፤ በአምላኩ ፊት ንጉሡም አገልጋይ ነውና። ከዚያም ሕዝቡ ወፋፍራም ገመዶቹን እየሳበ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ይወስዳቸዋል። ታቦታቱ በጥምቀት ዋዜማ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሕዝቡ በሆታ እንደሚያጅባቸው ሁሉ፣ በፑሪም መንገዱ በሰው ይጥለቀለቃል፤ ቅጥሩን እንዳያልፍ የተከለከለውም ሰው በዚያን ቀን አምላኩን በዓይኑ ያያል። በመንገዱ ዳር የሳላቤጋ መቃብር አለ፤ ሙስሊም ሆኖ ለጃጋናት መዝሙር የደረሰ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ግን መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ነበር። ከሩቅ አገር እስኪደርስ ሰረገላው አልንቀሳቀስ ብሎ ጠበቀው ይባላል። ዛሬም የጃጋናት ሰረገላ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ እኔም ከበዓሉ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ከቀናት በኋላ አማልክቱ ይመለሳሉ፤ ሰረገሎቹም ይፈርሳሉ፤ ብዙው እንጨት ለቤተ መቅደሱ ወጥ ቤት ማገዶ ይሆናል። እርስዎ በልጅነቴ የሠሩልኝን ሣጥን ዛሬም ስለምጠቀምበት፣ ያን ያህል የተደከመበት ሥራ ሲፈርስ ማየት መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር።

እባክዎ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ፣ የሰው ቁመት የሚያህል መንኮራኩር ከመሃሉ እንዳይሰነጠቅ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት አድርገው እንደሚያያይዙት ይጻፉልኝ። ለእማዬና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ