«በተጠቃሚዋ ቸልተኝነት»

ይድረስ ለዲጂታል አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የእናቴን ፋይል ስለዘጋችሁባት ሐረግ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሦስቴም «አቤቱታዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ተባልኩ። አራተኛውን እንግዲህ ሰው ሁሉ ያንብበው።

የእናቴ ስልክ ጠራ። ደዋዩ በስሟ ጠርቶ ከእናንተ ቢሮ ነኝ አላት። «አሁን የገባልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ፣ አለዚያ አካውንትዎ ዛሬ ይዘጋል።» መነጽሯን ፈለገች። ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችለት። የተሳሳተች ስለመሰላት ደግማም አነበበች። አካውንቷ በዚያው ሄደ።

እናንተ «በተጠቃሚዋ ቸልተኝነት የተፈጠረ» ብላችሁ ዘጋችሁት።

ቸልተኛ ሰው መነጽር ፈልጎ፣ ደግሞ ያነባል? ከወር በፊት የራሳችሁ ሠራተኛ ደውላ እንዲሁ ቁጥር አስነብባት ነበር። ያኔ ጉዳይዋ በአምስት ደቂቃ አለቀላት። ሰው ሲዋከብና የባለሥልጣን ድምፅ ሲሰማ ይታዘዛል፤ አጭበርባሪው የሚተማመነው በዚህ ነው። መታዘዙን ያስለመዳችኋት ግን እናንተ ናችሁ።

መተግበሪያችሁም ያው ነው። ገና ሲከፈት ካሜራ ፍቀዱ፣ ማይክሮፎን ፍቀዱ፣ የስልክ ማውጫ ፍቀዱ ይላል። እምቢ ካሉት አይሠራም። ሁሌ «እሺ» መጫን የለመደ ጣት አንድ ቀን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ቢመጣለት ቆም ይላል?

የይለፍ ቃል በየወሩ ማስቀየሩንስ ምን አመጣው? የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ተሰርቋል የሚል ማስረጃ ከሌለ በየጊዜው አታስቀይሩ ብሏል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የሰለቸው ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ይቀይራል፣ በቃ። እናቴማ ወረቀት ላይ ጽፋ ከስልኳ ሽፋን ሥር ወሽቃዋለች።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮናልድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሲጽፍ እንደነበረው፣ ፍርሃት ብቻውን ሰውን ጠንቃቃ አያደርግም። መፍትሔው እንደሚሠራ፣ እሱም እንደሚችለው ማመን አለበት። የእናንተ መልእክት ግን በቀይ የተጻፈ «ይጠንቀቁ!» ነው። እንዴት ተብሎ? እሱ የለም።

ሠራተኞቻችሁ እየደወሉ ቁጥር ማስነበብ ዛሬውኑ ያቁሙ። ፋይሉም ይከፈት፣ ያቺም ቃል ትሰረዝ።

ግልባጭ፦
ለእናቴ (ስልክ ሲጠራ መደንገጥ ለጀመረችው)