ወረቀቱ የመንግሥት፣ ቁርባኑ የቤተ ክርስቲያን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የፈቀደው የ2015 ውሳኔ ይሻር ያሉትን የወይዘሮ ኪም ዴቪስን አቤቱታ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 10 ቀን 2025 አልቀበልም ካለ ወዲህ፣ እዚህ ሜሪላንድ በእኛ አበሾች መካከል ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ክርክሩ ጦፏል። ቡና ላይ ይነሳል፣ ከቅዳሴ መልስም ይነሳል። ደጋግሜ የምሰማው ስጋት አንድ ነው፦ «ነገ ቄሶቻችንን አጋቡ ብለው ያስገድዷቸዋል።» እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጉዳዩ እሱ አይደለም።

ወይዘሮ ዴቪስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነው አይደለም የተከሰሱት። በኬንታኪ፣ ሮዋን ካውንቲ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ሹም ነበሩ። በ2015 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ 4 ድምፅ ይህን ጋብቻ በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ፣ እምነቴ አይፈቅድም ብለው ለማንም ፈቃድ መስጠት አቆሙ። ለጥቂት ቀናትም ታሰሩ። በእምነታቸው አልፈርድም። ኬንታኪ ራሷ በ2016 የሹሞቹ ስም ፎርሙ ላይ እንዳይሰፍር አድርጋለች፤ መላ አይጠፋም። ባለጉዳይን ከመንግሥት ቢሮ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ለመረዳት እኛ የሚቸግረን አይመስለኝም። አገራችን በቁርባን የሚጋባ አለ፣ በሰማንያ የሚጋባ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚፈርም አለ። ማዘጋጃ ቤት ፈርሜያለሁና ካላቆረባችሁኝ ብሎ ካህን የሚከስ የለም። እዚህም አሜሪካ ይህን ጋብቻ በተመለከተ በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሃይማኖት ተቋማት ሠርግ እንዲያስተናግዱ እንደማይገደዱ በግልጽ ጽፏል።

ወረቀቱ ምን ያደርግላቸዋል ለሚል ሰው፣ የ2015ቱ ክስ የተነሳው ከሞት ምስክር ወረቀት ነው። ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር ሲንሲናቲ ውስጥ 20 ዓመት ገደማ አብረው ኖረዋል። አርተር ሰውነትን በሚያሽመደምድ የነርቭ ሕመም አልጋ ላይ ዋለ። ኦሃዮ አታጋባቸውም፣ ሜሪላንድ ግን ከ2013 መግቢያ ጀምሮ ፈቅዳ ነበር። ወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አዋጣና የሕክምና አውሮፕላን ተከራዩ። ዘመድ የምንቀበልበት ባልቲሞር ኤርፖርት አረፉ። አርተር እንደተኛ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ አክስቱ አጋባቻቸው። ከዚያ ሳይወርዱ ተመለሱ። አርተር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዐረፈ። የኦሃዮ ሕግ እንዳለ ቢሠራበት፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳላገባ ሆኖ ይመዘገብ ነበር።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንድ ታማሚ ራሱን ሲስት መጀመሪያ የምናየው ፋይሉ ላይ ማን እንደተጻፈ ነው። ባል ወይም ሚስት ከተጻፈ ይደወላል፣ ምን ይደረግ ተብሎ ይጠየቃል። ምንም ካልተጻፈ፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረው፣ ሲያስታምመው የከረመው ሰው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ዓይኑን አይተነው የማናውቅ የወንድም ልጅ ደግሞ መጥቶ ይፈርማል። ይህን አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ነገሩ ተዘግቷል ማለትም አይቻልም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ2022 የ2015ቱ ውሳኔ እንደገና ይታይ ብለው ጽፈዋል። ውሳኔው ቢሻር፣ የ2022ቱ ሕግ ክፍለ ግዛቶች ሌላ ቦታ የተፈጸመ ጋብቻን እንዲያውቁ ያስገድዳል እንጂ ራሳቸው ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም። ታማሚን በአውሮፕላን ጭኖ መሄድ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን የሚነካውንና የማይነካውን ለይታችሁ ብታብራሩልን እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ